የማኅበሩ ኢሜይል የማኅበሩ ይሁን፦ ጎጃም ላሉ ግብረ ሰናይ ድርጅቶች የኢሜይልና የስልክ አሠራር መመሪያ

የአንድ አነስተኛ ግብረ ሰናይ ድርጅት ኢሜይል ብዙ ጊዜ የሚከፈተው በጥድፊያ ነው። ፎርሙ ላይ «ኢሜይል» የሚል ቦታ አለ። አንዱ ባለሙያ ቶሎ ብሎ በራሱ ስልክ ይከፍታል። ፓስወርዱም እሱ ጋ ይቀራል። ዓመት ሁለት ዓመት ያለ ችግር ይሠራል። ከዚያ ሰውየው አዲስ አበባ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ይሄዳል፣ ወይም ስልኩ ይጠፋል። የለጋሹ ውል፣ የኦዲተሩ ደብዳቤ፣ የማራዘሚያ ጥያቄው፣ ሁሉም አብሮት ይሄዳል።

ወረቀት ላይ ግን እንዲህ አናደርግም። ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ደህና ቢሮ ሁሉ መዝገብ ቤት አለው። የገባ ደብዳቤ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ለሚመለከተው ይመራል፣ ቅጂው ፋይል ይገባል። ደብዳቤው የቢሮው እንጂ የሠራተኛው አይደለም። ኢሜይልም ደብዳቤ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

መመሪያው ጥቂት ሠራተኛ ኖሯቸው የኮምፒውተር ባለሙያ መቅጠር ለማይችሉ፣ አብዛኛውን ሥራቸውን በአንድሮይድ ስልክ ለሚሠሩ ማኅበራት ነው። ጂሜይልን የመረጥኩት አብዛኛው ሰው እጅ ላይ ያለው እሱ ስለሆነ ነው።

ደረጃ 1፦ አድራሻውን ከሰው ስም አላቁት

በሰው ስም የተከፈተ አድራሻ ካላችሁ ዛሬውኑ አዲስ ክፈቱ። ለትንሽ ድርጅት ሦስት አድራሻ ይበቃል፤ አንዱ አጠቃላይ፣ አንዱ ለፋይናንስ፣ አንዱ ለፕሮግራም። አድራሻው የድርጅቱን ስምና የሥራ ክፍሉን ይያዝ። የራሳችሁን ዶሜይን (በድርጅቱ ስም የሚመዘገብ የኢንተርኔት አድራሻ) መግዛት ከቻላችሁ ጥሩ ነው፣ ለጋሽ ዘንድም ክብር ይጨምራል። ካልቻላችሁ ግን እሱን እየጠበቃችሁ ሥራውን አታዘግዩ።

አድራሻውን ስትከፍቱ የሚሞላው ስልክ ቁጥር የማንም ሠራተኛ የግል ቁጥር መሆን የለበትም። በድርጅቱ ስም ሲም ካርድ አውጡና እሱን መዝግቡ። ሲሙ ቢጠፋ እንኳ በድርጅቱ ደብዳቤ ይተካል። መጠባበቂያ ኢሜይል ሲጠየቅ ደግሞ የቦርድ ሰብሳቢውን አድራሻ ስጡ።

ቀጥሎ ከፓስወርዱ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ። ማረጋገጫው ከበራ በኋላ ጎግል 10 የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል። እያንዳንዱ 8 አሃዝ ነው፣ የሚያገለግለውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አትሟቸው። ከፓስወርዱ ጋር በፖስታ አሽጉና ማኅተም አድርጋችሁ ካዝና ውስጥ አስቀምጡ። ፖስታው የት እንዳለና ማን መክፈት እንደሚችል በቦርዱ ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፍ። የተጋነነ ጥንቃቄ ሊመስል ይችላል። የባንክ ቼክ ደብተርን ግን እንዲሁ ነው የምንጠብቀው፤ ለጋሽ ገንዘቡን የሚልክበት ደብዳቤም የሚመጣው በዚሁ ኢሜይል ነው።

ፓስወርድ ለሁሉም ማደል አያስፈልግም። ጂሜይል ውክልና የሚባል ነገር አለው። ከኮምፒውተር ሴቲንግ ውስጥ «አካውንትስ» የሚለውን ክፍል ክፈቱና የሠራተኛውን አድራሻ ጨምሩ። ተወካዩ በራሱ ፓስወርድ ገብቶ የድርጅቱን ኢሜይል ያነባል፣ ይመልሳል። ፓስወርዱን ግን መቀየር አይችልም። ሥራ ሲለቅ ስሙን ማጥፋት ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ላለቀ ፕሮጀክት ተከፍተው የተረሱ አድራሻዎች ካሏችሁ ፈልጉና ግቡባቸው። ጎግል 2 ዓመት ሙሉ ያልተነካ የግል አካውንትን ከነይዘቱ ሊያጠፋ ይችላል፤ ይህን መተግበር የጀመረው እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2023 ወዲህ ነው። ኦዲተር የድሮ ሰነድ ሲጠይቅ ደግሞ «ኢሜይሉ ጠፋ» የሚል መልስ አይሠራም።

ደረጃ 2፦ ሌብል በሥራ እንጂ በሰው አይሁን

አብዛኛው ሰው ሌብል (ኢሜይሉ ላይ የሚለጠፍ መለያ) ሲያወጣ በለጋሽ ስም ወይም በሠራተኛ ስም ያወጣል። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የማወጣው የሥራውን ሁኔታ የሚያሳዩ ሦስት ሌብሎችን ነው፤ «መልስ ይፈልጋል»፣ «ፊርማ ይጠብቃል»፣ «ከሌላ እንጠብቃለን»። እነዚህ ሦስቱ በትክክል ከተያዙ ሥራ አስኪያጁ ማንንም ሳይጠይቅ ሥራው የት እንደቆመ ያያል። የፕሮጀክት ሌብሎች ከዚያ ይቀጥላሉ።

ሦስተኛውን ሌብል ችላ አትበሉ። የወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት የሚልከው የድጋፍ ደብዳቤ፣ ከባንክ የሚመጣ ማረጋገጫ፣ ከአጋር ድርጅት የሚጠበቅ በጀት፣ እኛ ጨርሰን ሌላው ጋ የቀረ ሥራ ሁሉ እዚያ ይግባ። በየሳምንቱ አንድ ቀን ሌብሉን ክፈቱና ስልክ ደውሉ። ጎጃም ውስጥ ሥራ የሚያስኬደው ደውሎ መጠየቅ ነው። ኢሜይሉ የሚጠቅመው ማን ዘንድ መደወል እንዳለባችሁ ለማስታወስ ነው።

ከዚያ ፊልተር፣ ማለትም የሚገባውን ኢሜይል በራሱ የሚለይ ትእዛዝ፣ ሥሩ። ይህም ከኮምፒውተር ነው። ለእያንዳንዱ ለጋሽ አድራሻ ሁለት ነገር እዘዙ፤ የፕሮጀክቱ ሌብል ይለጠፍበት፣ ወደ ስፓምም (ጂሜይል የማይፈለግ ያለውን የሚጥልበት ሳጥን) እንዳይገባ። ስፓም የገባ ኢሜይል ከ30 ቀን በኋላ ለዘለዓለም ይጠፋል። የድጋፍ ጥሪ ስፓም ውስጥ ተኝቶ ቀነ ገደቡ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ስፓሙን ማየት የአንድ ሰው ኃላፊነት ይሁን፤ ስሙም ይታወቅ።

ደረጃ 3፦ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በደንብ

ኢሜይል ቀኑን ሙሉ ሲነካካ አይዋልም። ጠዋት 3 ሰዓትና ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ተቀመጡና እስከ መጨረሻው እዩት። በመሐል የስልካችሁን ማሳወቂያ ቀንሱ፤ የጂሜይል መተግበሪያ አስፈላጊ ለሚላቸው ብቻ እንዲጮኽ ማድረግ ይቻላል።

አንድ ኢሜይል ስትከፍቱ ከአራቱ አንዱን ሳታደርጉ አትዝጉት። በአጭር ጊዜ የሚያልቅ ከሆነ እዚያው መልሱ። የሌላ ሰው ሥራ ከሆነ ምሩት። ጊዜ የሚወስድ ከሆነ ሌብል ለጥፉና ቀን ስጡት፤ የጂሜይል መተግበሪያ ራሱ ኢሜይሉን ወደ ተግባር ዝርዝር የሚያስገባ ቁልፍ አለው። ለማወቅ ብቻ ከሆነ አርካይቭ አድርጉት። አርካይቭ የተደረገ ኢሜይል አይጠፋም፣ በፍለጋ ይገኛል።

«ምሩት» ስል ባዶውን ፎርዋርድ ማድረግ ማለቴ አይደለም። ኃላፊው ደብዳቤ ሲመራ ጫፉ ላይ አንድ መስመር እንደሚጽፈው እናንተም ጻፉ፤ «ለፋይናንስ፦ የሁለተኛ ሩብ ዓመት ወጪ ተያይዞ እስከ ሐሙስ መልስ ይሰጥበት።» ምን፣ በማን፣ እስከ መቼ። ባዶ ፎርዋርድ የደረሰው ሰው ለማወቅ የተላከለት መስሎት ዝም ይላል፤ የላከውም ሥራው እየሄደ ይመስለዋል።

ርዕሱ ላይም እንዲሁ ነው። «ሪፖርት» የሚል ርዕስ ያለው ኢሜይል በዓመት ስንት ይመጣል? ከስድስት ወር በኋላ ማን ያገኘዋል? ልዩነቱን እዩት፤

ከዚህ፦ «ሪፖርት»

ወደዚህ፦ «ደጀን ወረዳ፣ የሰኔ 2017 የሥራ ሪፖርት፤ ፊርማ ይፈልጋል፤ እስከ ሐምሌ 5»

ሁለተኛውን ያየ ሰው ሳይከፍተው የሚሠራውን ያውቃል። ውስጡንም በሰላምታ ጀምሩ፣ ሰላምታ የእኛ ወግ ነው። ከሰላምታው ቀጥሎ ግን ጥያቄው ይምጣ። ማብራሪያው ከሥር ይሁን። በስልክ የሚያነብ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ከላይ ያሉትን ጥቂት መስመሮች ብቻ ነው።

ሴቲንግ ውስጥ የተላከን ኢሜይል መመለሻ ጊዜ አለ። ወደ 30 ሴኮንድ ከፍ አድርጉት። አባሪ የረሳ ሰው ትዝ የሚለው ብዙ ጊዜ ላክ የሚለውን እንደተጫነ ነው።

ደረጃ 4፦ ኔትወርክ ሲጠፋ የማይቆም አሠራር

ይህን ጎጃም ላለ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ሲቋረጥ ሰነዳቸው ኦንላይን ብቻ የነበረ ድርጅቶች የራሳቸውን ውል ማየት አልቻሉም። ኔትወርክ ባለበት ቀን ለሌለበት ቀን መዘጋጀት የዘወትር ሥራ መሆን አለበት።

ስልክ ላይ፦ የጂሜይል መተግበሪያ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የስንት ቀን ኢሜይል ስልኩ ላይ እንዲቀመጥ ወስኑ። ካልቀየራችሁት 30 ቀን ነው፤ ከፍ አድርጉት። ጎግል ድራይቭ ላይ ውላችሁን፣ በጀታችሁን፣ የሥራ ዕቅዳችሁንና የስልክ ዝርዝራችሁን እየመረጣችሁ ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈቱ አድርጉ። የፋይሉን ሦስት ነጥብ ስትነኩ ምርጫው ይመጣል። ከዚያ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጋችሁ ፋይሎቹን ክፈቷቸው። ካልተከፈቱ ዝግጅቱ አልተሠራም ማለት ነው።

ኮምፒውተር ላይ፦ በክሮም የሚከፈት ጂሜይል ኦፍላይን የሚባል ምርጫ አለው። የ7፣ የ30 ወይም የ90 ቀን ኢሜይል ያስቀምጣል። 90ውን ምረጡ። ይህን ግን በቢሮ ኮምፒውተር ላይ ብቻ አድርጉ፤ ኢንተርኔት ቤት በፍጹም።

ያለ ኔትወርክ የጻፋችሁት ኢሜይል አውትቦክስ (ያልሄዱ ኢሜይሎች ማቆያ) ውስጥ ይቀመጥና ኔትወርክ ሲመጣ ይሄዳል። ስለዚህ ከመስክ ወደ ከተማ ስትመለሱ አውትቦክሱን ሳታዩ «ልኬያለሁ» አትበሉ።

የመስክ መረጃ መሰብሰቢያ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ድካም የሚባክነው እዚህ ነው። ስናን ወረዳ፣ ጮቄ ሥር ያለ ቀበሌ ውስጥ ቤት ለቤት የሚዞር ባለሙያ አስቡ። በወረቀት ሞልቶ፣ ቢሮ መጥቶ፣ እንደገና ኤክሴል ላይ ይጽፋል። በመሐል ዝናብ ወረቀቱን ያገኘዋል፣ ወይም ቁጥር ይዛባል። ኮቦ ኮሌክት የሚባለው መተግበሪያ ይህን ያስቀራል። ፎርሙ ቢሮ ውስጥ በአማርኛ ይዘጋጃል፣ ስልኩ ላይ ይወርዳል፣ መስክ ላይ ያለ ምንም ኔትወርክ ይሞላል። ያለቀው ፎርም ስልኩ ውስጥ ይጠብቃል፤ ባለሙያው ደብረ ማርቆስ ሲገባ ይልከዋል። ሦስት ነገር ግን ልብ በሉ። ባለሙያው ከመውጣቱ በፊት የመጨረሻውን ፎርም ማውረዱን አረጋግጡ። እያንዳንዱን ፎርም ሲጨርስ መዝጋቱን አስተምሩት፤ ያልተዘጋ ፎርም አይላክም። ሳይልክም መተግበሪያውን እንዳያጠፋ፣ ስልኩንም ለጥገና እንዳይሰጥ በጥብቅ ንገሩት። ፓወር ባንክም ይያዝ፤ ገጠር የወጣ ስልክ ቻርጅ ካለቀበት ዋጋ የለውም።

የማረጋገጫ ኮድ በኤስኤምኤስ ብቻ እንዲመጣ ካደረጋችሁ ኔትወርክ ሲደክም ከራሳችሁ ኢሜይል ውጭ ትቀራላችሁ። ጎግል ኦተንቲኬተርን ጫኑ። ስልኩ ኔትወርክ ባይኖረውም ኮድ ያወጣል።

በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ሙሉ ቅጂ አውጡ። ጎግል ቴክአውት ኢሜይሉንም ድራይቩንም አጠቃሎ እንድታወርዱ ያደርጋል። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ አድርጉና ከቢሮው ውጭ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ፍላሽ ለዚህ አይታመንም፤ ይጠፋል፣ ቫይረስም ይዞ ይዞራል።

ቦታ ሲሞላም ይታሰብበት። ነፃው አካውንት 15 ጊጋባይት ነው፤ ኢሜይሉ፣ ድራይቩና ፎቶው በጋራ ነው የሚጠቀሙበት። ሲሞላ ኢሜይል መላክም መቀበልም ይቆማል። ብዙ ጊዜ የሚሞላው የሥልጠና ፎቶና ቪዲዮ ነው። እሱን ወደ ሃርድ ዲስኩ አውጡና ከአካውንቱ አጥፉ።

ደረጃ 5፦ ሲከፈት የሚነበብ ሰነድ

የአማርኛ ሰነድ ልከን «ምልክት ምልክት ብቻ ነው የሚታየኝ» የሚል መልስ ያልደረሰው ቢሮ የለም። ምክንያቱ አንድ ነው። ሰነዱ የተጻፈው ዩኒኮድ (በየመሣሪያው አንድ ዓይነት የሆነ የፊደል አሠራር) ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት ነው። ያ ፎንት የሌለው ኮምፒውተር አያነበውም፣ ስልክማ ጨርሶ።

ከዛሬ ጀምሮ ቢሮው በዩኒኮድ ብቻ ይጻፍ። ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ፎንት ይሆናል፤ ስልክ ላይ ደግሞ የጂቦርድ አማርኛ ኪቦርድ አለ። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ሰነዱን ከመላካችሁ በፊት ለራሳችሁ ላኩና ስልካችሁ ላይ ክፈቱት።

ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በካሜራ ማንሳትም ይቅር። ጥላ ይወድቅበታል፣ ይጣመማል። የጎግል ድራይቭ መተግበሪያ ስካን የሚያደርግ ቁልፍ አለው። ጠርዙን ያስተካክላል፣ ብዙ ገጽ በአንድ ፒዲኤፍ ያደርጋል፣ መጠኑም ትንሽ ነው። ጂሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ አባሪ ስለማይወስድ ይህ ይረዳል።

የፋይሉን ስም በቀን ጀምሩ፤ ዓመት፣ ወር፣ ቦታ፣ ምንነት፣ የደብዳቤው ቁጥር። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ አዲስ» የሚሉ ስሞች ይቅሩ።

ደረጃ 6፦ ሁለት ካላንደር፣ ሁለት ሰዓት

የለጋሽ ቀነ ገደብ የሚያልፈው በስንፍና ብቻ አይደለም፤ በስሌትም ያልፋል። መንግሥት ጋ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ለጋሹ ደግሞ ብዙ ጊዜ በፈረንጅ ዓመት ይሄዳል። ዲሴምበር 31 በአብዛኛው ዓመት ታኅሣሥ 22 ነው። ጳጉሜን 6 ሆና ካለፈች ግን ታኅሣሥ 21 ይሆናል። የ2019 ጳጉሜን 6 ናት፤ ስለዚህ 2020 ታኅሣሥ ላይ ተጠንቀቁ።

ሰዓቱም አለ። የኒው ዮርክ እኩለ ሌሊት በዲሴምበር ለእኛ በማግሥቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። የብራስልስ ከሰዓት በኋላ 5 ሰዓት (በፈረንጅ አቆጣጠር) ደግሞ በክረምታቸው ለእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ጊዜ ይጨምርላችኋል፣ ሁለተኛው ግን ቢሮ ከተዘጋ በኋላ ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። ቀነ ገደብ ያለው ኢሜይል ሲመጣ እዚያው ጎግል ካላንደር ላይ አስገቡ። ርዕሱ ላይ የሐበሻውን ቀን በአማርኛ ጻፉ። ማስታወሻውን ከሳምንት በፊትና ከ3 ቀን በፊት እንዲደውል አድርጉ። ከዚያ የራሳችሁን ቀነ ገደብ ከለጋሹ 3 ቀን አስቀድሙ። መብራት የሚጠፋው የመላኪያው ቀን ላይ ሊሆን ይችላል። ካላንደሩ የጋራ ይሁን፣ ሁሉም ስልክ ላይ ይታይ።

ደረጃ 7፦ ቴሌግራም ለወሬው፣ ኢሜይል ለውሳኔው

ቴሌግራምን ከቢሮ ማስወጣት አይቻልም፣ አያስፈልግምም። ፈጣን ነው፣ ደካማ ኔትወርክ ላይም ይሠራል። ችግሩ ውሳኔ እዚያ ሲቀር ነው። «እሺ ግዙት» የሚል አንድ መልእክት ከመቶ ሌላ መልእክት በታች ይቀበርና ኦዲተር ሲመጣ የፈቀደው ማን እንደሆነ አይገኝም።

ስለዚህ ገንዘብ፣ ሰው ወይም ቀን የሚነካ ነገር ቴሌግራም ላይ ከተወሰነ፣ የጠየቀው ሰው በዚያው ቀን ሁለት መስመር ኢሜይል ይጻፍ፤ «ዛሬ በቴሌግራም እንደተነጋገርነው…» ብሎ። ኃላፊውም «ትክክል ነው» ብሎ ይመልስ። አለቀ።

የቢሮውን ግሩፕ የፈጠረው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ሁለተኛ አስተዳዳሪ ጨምሩ። በሞባይል ዳታ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድም አጥፉት፤ ጥቅሉን የሚጨርሰው እሱ ነው።

ደረጃ 8፦ ሰውን መጠበቅ

የምንይዘው የሰው ሕይወት ነው። የወላጅ አልባ ሕፃናት ስም፣ የሕመምተኛ ሁኔታ፣ የተጎዳች ሴት ታሪክ። ይህ በፎቶ ተነሥቶ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አይወረወርም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ግን አዋጅ ባይኖርም ያቺ ልጅ የምትኖረው እዚሁ ከተማ ነው፣ ጎረቤቷም ግሩፑ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ዝርዝሩ ላይ በስም ፈንታ ኮድ ቁጥር ተጠቀሙ። ስምና ኮዱን የሚያገናኘው ፋይል ሌላ ቦታ፣ ለሁለት ሰው ብቻ ክፍት ይሁን።

የገንዘብ ማጭበርበሩም በኢሜይል ይመጣል። «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል፣ ክፍያውን ወደዚህ አድርጉ» የሚል፣ የአቅራቢውን ወይም የአጋሩን ስም የያዘ። አድራሻውን ፊደል በፊደል እዩ። ከዚያ ኢሜይሉ ላይ ባለው ሳይሆን ቀድሞ በምታውቁት ስልክ ደውሉ። ሳይደወል ሒሳብ አይቀየርም፤ ይህ የፋይናንስ መመሪያችሁ ውስጥ ይግባ። ቴሌግራም ላይ «ለልጄ ድምፅ ስጡልኝ» ብሎ ሊንክ የሚልክና ኮድ የሚጠይቅም አለ። የላከው የምታውቁት ሰው ቢሆንም እንኳ ኮድ አትስጡ። የእሱም አካውንት ተሰርቆ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 9፦ ኢሜይሉን ክሊራንስ ላይ አስገቡት

ሠራተኛ ሲለቅ ወንበሩን፣ ሞተር ሳይክሉን፣ የቢሮ ቁልፉን ያስረክባል። ክሊራንስ ፎርሙ ላይ አንድ ክፍል ጨምሩበት። በራሱ ድራይቭ ላይ ያሉ የሥራ ፋይሎች ባለቤትነት ወደ ድርጅቱ አካውንት ይዛወር፤ ከኮምፒውተር ይሠራል፣ ተቀባዩም መቀበሉን ማረጋገጥ አለበት። ውክልናው ይሰረዝ። የጎግል አካውንቱ ደህንነት ገጽ ላይ የገቡ ስልኮች ዝርዝር ይታያል፤ የእሱ ስልክ ከዚያ ይውጣ። ከቴሌግራም ግሩፖችና ከኮቦ ይነሳ። ፓስወርዱ ይቀየር፣ ካዝና ያለው ፖስታም በአዲሱ ይተካ።

ይህን ከመሰናበቻው ቡና በፊት ጨርሱት። እሱ አጠገባችሁ እያለ ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል። አዲሱ ሰው በገባ ቀን ደግሞ ውክልናውን ስጡትና «መልስ ይፈልጋል» ከሚለው ሌብል ይጀምር፤ መጀመሪያ የቆየውን፣ ከዚያ አዲሱን።